አሥራ አምስተኛው ሰው

አንድ ተወካይ ተገኘ! አንድ ብቻ፣ ግን ተገኘ!

ያስገኙልን ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኋቸው ሽማግሌ ናቸው። እኛ የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት ሰዎች የፓርቲያችንን የፕሬዚዳንት ዕጩ ስንመርጥ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ በየዕጩአችን ተሰባስበን ቆመን ነው የምንቆጠረው። በሰፈራችን አሥራ አምስት ሰው ያልሞላለት ዕጩ ወደ ካውንቲው፣ ወደ ወረዳችን ማለት ነው፣ ጉባኤ ተወካይ አይልክም። እኛ አሥራ አራት ነበርን። የእሳቸው ዕጩ ሦስት ሰው ብቻ አግኝቶ ወድቋል፤ ደጋፊዎቹ ወደ ሌላ ዕጩ መዞር ይችላሉ፤ እሳቸው ግን ብቻቸውን አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የአዲሱ ሸሚዛቸው እጥፋት ገና አልጠፋም።

"አባባ፣ ወደኛ ይምጡ፤ ኩኪስ አለን" አለች መሪያችን ሎሬታ።

"አንቺ ነሽ የጋገርሽው?"

"እህቴ ናት።"

"እንግዲያው እመጣለሁ።"

ሳቅን። "ቆጠራ!" ሲባል ግን ሽማግሌው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ፊት ለፊት እያዩ ቀጥ አሉ።

"ኧረ ዘና ይበሉ!" አለች ሎሬታ።

"ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በቀን አምስቴ ተቆጥሬያለሁ። አለማምለጤን ለማየት ነበር። ፈልጌ ስቆጠር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"

አሥራ አምስት ሆንን። ተወካያችን እሳቸው ይሁኑ ብለን ሁላችንም ጮኽን።

"ከካውንቲው ወደ ግዛቱ ጉባኤ፣ ከዚያም የፕሬዚዳንት ዕጩው ወደሚሰየምበት ታላቁ ጉባኤ ሊያልፉ ይችላሉ" አለቻቸው ሎሬታ።

ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ካውንቲው ድረስ እሄዳለሁ። ከካውንቲው ለመውጣት ግን የአመክሮ ሹሜን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ" አሉ። "እጠይቃለሁ።"

በቃ፣ ልሂድ። የዕጩአችን ደጋፊ አጎቴ ዌንደል ታሞ ቤት ቀርቷል፤ ይህን የምሥራች ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም።