ግመሏን የገደልኳት እኔ ነኝ

ባለፈው ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት... አንዲት ግመል ገደልኩ።

ተረት ውስጥ ነው፣ አትደንግጡ። ግን በስህተት አይደለም። አስቤበት ነው የገደልኳት።

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። በሌላ በሌላው ልታሙኝ ትችላላችሁ፣ በተረት ግን አልታማም። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው። ጅብ ስሆን የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ሳይቀር በመስኮት ያየኛል።

ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን ድሬዳዋ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር አገናኙን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለታችንም ከያለንበት የምንከፍተው አንድ ጽሑፍ አለ። አንድ ሳምንት የኔ ልጆች የተረቱን አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የድሬዎቹ ይቀጥላሉ። ዓርብ ዓርብ በቪዲዮ እንገናኝና ተራው የደረሰው ክፍል አስተማሪ ያነባል።

የኔ ልጆች በጅብ ጀመሩ። ኩሩ፣ ማንንም የማይፈራ ጅብ። ድሬዎቹ ደግሞ ግመል አመጡ። አንካሳ ናት፣ ጨው ተሸክማ እያነከሰች ትዘፍናለች።

አስተማሪያቸው ፈቲያ ትባላለች። ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቁጭ ብላ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው የምታነበው። እኔ ዘልዬ፣ አጓርቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ የማላገኘውን ጸጥታ እሷ በሹክሹክታ ታገኘዋለች። የኔ ልጆች ስለ ጅቡ መጠየቅ ተዉ። ሁሉም ግመሏ ምን ሆነች ነው።

ሰኞ ዕለት ሶሊያና ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ጅብ ስሆን ከሁሉ ቀድማ የምትጮህልኝ ተማሪዬ ናት።

«ቲቸር፣ ዓርብ የድሬዋ ቲቸር ብታነብልንስ?»

«ተራው የኛ ነው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። እኛ እንጽፍና እሷ ታንብበው።»

ሳቅኩላት። ከሥራ ወጥቼ ግን ታክሲ ውስጥ ጦር ኃይሎች እስክደርስ ድረስ ይቺኑ ንግግር ሳመነዥክ ነው የሄድኩት።

በማግስቱ፣ ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ባዶ ክፍል ውስጥ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የግመሏን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች አጠፋሁት። በቦታው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ግመሏም ታመመች። ወዲያው ሞተች። ጅቡ ብቻውን መንገዱን ቀጠለ።»

ቀለለኝ። እውነቴን ነው... ቀለለኝ።

አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጠራ። ፈቲያ ናት።

«ደሳለኝ፣ አሁን ጽሑፉን የከፈትከው አንተ ነህ?»

«አዎ... ምነው?»

«ክፍል ውስጥ ነን። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፍቼላቸው እያነበብን ነበር። ስምህም፣ የምታጠፋውም፣ የምትጽፈውም እዚህ ይታያል አቦ።»

ጆሮዬ ጋለ። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል። አንዷ ታለቅሳለች።

«ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ» አለችና ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።

አንዲት ቀጭን የልጅ ድምፅ መጣች። «ቲቸር፣ ግመላችንን ለምን ገደልካት?»

«በስህተት ነው የኔ ልጅ። እጄ ነክቶት ነው።»

«እጅህ ሲነካው ‹ሞተች› ብሎ ይጽፋል?»

ክፍሉ ሙሉ መልስ ይጠብቃል። ሌላ ውሸት ልፈልግ ሞከርኩ... ደከመኝ።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

«በግመሏ?»

«በግመሏም፣ በቲቸራችሁም። ልጆቼ ከኔ ይልቅ እሷን ወደዱብኝ።»

ፈቲያ ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። ልጆቹ ሲንሾካሾኩ ቆዩ፣ ከዚያ ያቺው ልጅ ተመለሰች።

«እሺ። ግን አንተ ነህ የምትመልሳት። የጠፋውን የሚመልሰውን ቁልፍ መጫን አይቻልም። በተረት መልሳት።»

ፈቲያ ስልኩን ከላውድ አወጣችና ዝግ ብላ፣ «ለማንም አልናገርም» አለችኝ። «ዓርብ ግን እንጠብቅሃለን።»

ለልጆቼ የዚህን ሳምንት አንቀጽ እኔ እጽፋለሁ አልኳቸውና ሁለት ቀን ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። ሠላሳ ስምንት የድሬ ልጆች ምን እንዳደረግኩ ያውቃሉ፣ የኔዎቹ አያውቁም። ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ሊሰሙኝ ነው።

ዓርብ ደረሰ። ቪዲዮው ተከፈተ። ወንበር ላይ አልወጣሁም፣ ቁጭ አልኩ።

«ግመሏ አልሞተችም» ብዬ ጀመርኩ። «አታሎ ሩቅ አገር ልኳት፣ ሞተች ብሎ ያወራው ጅቡ ነው። ዘፈኗን ሰው ሁሉ ሲወድላት ሆዱ አርሮ ነው። አሁን እኔን ያዩኛል ብሎ ነበር። ሰዉ ግን ግመሏን ማልቀስ ጀመረ። አንድ ቀን አለቀሱ፣ ሁለት ቀን አለቀሱ። ጅቡ ሲያየው ለቅሶውም የእሷው ሆነ። ብቻውን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሊፈልጋት ወጣ። የላካት እሱ ስለሆነ መንገዱን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር።»

ስንት ደቂቃ እንዳወራሁ አላውቅም። ተረቱ ውስጥ ከኮረብታው ጀርባ እያነከሰ የሚመጣው የግመሏ ዘፈን ሲሰማ ቀና አልኩ... ሁለቱም ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ልጅ የለም።

ከወዲያ ማዶ ያቺ ቀጭን ድምፅ፣ «በቃ፣ ተመልሳለች» አለች።

ከዚያ ፈቲያ የሚቀጥለውን ሳምንት መነሻ ሁለት መስመር አነበበችላቸው። የኔ ልጆች አንገታቸውን አስግገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አሁንም ትበልጠኛለች። አሁንም ቆንጠጥ አደረገኝ።

ልጆቹ ሲወጡ ሶሊያና ቦርሳዋን አንግታ አጠገቤ ቆመች።

«ቲቸር፣ ዛሬ ጅቡ የእውነት የቀና ነው የሚመስለው። እንዴት አድርገህ ነው?»

«ተለማምጄ ነው» አልኳት።