አሰፋ ከወንድሙ ጋር የገጠመበት መስቀል

ዛሬ ጠዋት ከአሰላ ተደወለልኝ። «አባባ አረፈ» አለችኝ የአሰፋ ልጅ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ «የቱ አባባ?» አልኳት። ያ ሰው ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ራሴ ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቀድሜው የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ከዴራ እስከ ሮቤ የአሰፋንና የታላቅ ወንድሙን የግዛውን ስም የማያውቅ አልነበረም። ትግል ነበር ሥራቸው። በበዓል ቀን ሜዳ ወርደው ጉልበተኛ የተባለውን ሁሉ ይዘርሩ ነበር።

እኔ ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ተመድቤ የመጣሁ የሃያ ዓመት ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ፣ ነበርኩ። ክሊኒካችን ከትግሉ ሜዳ ከፍ ብሎ ስለነበር የተሰበረ ጣት፣ የተተረተረ ቅንድብ ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው።

አባታቸውም በጊዜው ስም ያለው ታጋይ ነበር። በሕይወት እያለ ሁለቱ እርስ በርስ እንዳይገጥሙ ከልክሏቸው፣ እነሱም አክብረውለት ኖሩ። የሞተ ዕለት አሰፋ የቤቱ ወራሽ የሚይዘውን የአባቱን ከዘራ ከቤት አውጥቶ ለቅሶው መሀል ቆመ። ግዛው በለቀስተኛው ፊት «አባታችን ለማን እንደሰጠው አንተም እኔም እናውቃለን» አለው።

ጠቡ እዚያው ተጀመረ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። የግዛው ሰዎች የሚጠጡበት ጠጅ ቤት የአሰፋ ሰው አይገባም። ሁለቱ በገበያውም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይሰዳደባሉ። ስንት ጊዜ ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም።

አንድ ቀን የአሰፋን እጅ እያሸሁ አይበቃችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ገና አልጨረስንም፣ ሲስተር» አለኝ። ይህችን ቃል ሁልጊዜ ቀስ ብሎ፣ ፈገግ እያለ ነበር የሚናገራት።

በመጨረሻም ገበያ መሀል ቆሞ ለመስቀል እንዲገጥመው ወንድሙን ጠራው። ግዛውም እሺ አለ።

ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ግዛው ብቻውን ክሊኒክ መጣ። ከበቅሎ ወድቆ ግራ ትከሻው ወልቋል። ወደ ቦታው መለስኩለት፤ ክንዱን አንገቱ ላይ ላንጠለጥልለት ስል ግን እንቢ አለ። ለማንም እንዳልናገር ማይልኝ አለኝ።

«አሰፋ ካወቀ አይገጥመኝም» አለ። «ካልገጠመኝ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይለቀኝም። ይጣለኝና ይረፍ።»

ማልኩለት።

የመስቀል ዕለት ከቀትር በኋላ ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ሜዳው ዳር ደርሶ ነበር። ትግሉ ብዙ አልቆየም። አሰፋ የወንድሙን ግራ ክንድ ይዞ ሲስበው ግዛው ድምፅ አላሰማም፤ ፊቱ ብቻ አመድ መሰለ። በጀርባው ወደቀ። የአሰፋ ሰዎች ጨፈሩ።

ግዛው ተነሣ። ጋቢውን ከመሬት አንሥቶ ለበሰና ማንንም ሳያይ ወደ ተራራው መሄድ ጀመረ። ሁላችንም እያየነው ጉሙ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ሳምንት ሙሉ ተፈለገ። ተራራውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁት ኦቦ ቱፋ ፈረሰኞች ይዘው ወጡ። ሲመለሱ ዱካው እስከ አንድ ጅረት ድረስ መኖሩን፣ ከጅረቱ ወዲያ ግን በየትኛውም በኩል አለመኖሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። አሰፋ ትግል ተወ።

በዓመቱ፣ በመስቀል ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ከክሊኒክ ስወጣ ሜዳው ጉም ለብሷል። ሰው የለም። አሰፋ ብቻ እስከ ወገቡ ራቁቱን ሆኖ መሀል ላይ ይታገላል። ከማን ጋር እንደሆነ አልታየኝም። ክንዶቹ ያቀፉት ባዶ ነው፤ እግሮቹ ግን አፈሩን እያረሱ ወደ ኋላ ይገፋሉ። የማዳምጠው ትንፋሽ የሁለት ሰው ነበር። የአሰፋ ሲቋረጥ ሌላው ይቀጥላል።

ከዚያ አሰፋ ከመሬት ተነሥቶ ተወረወረ። ሰው ራሱን እንደዚያ መጣል አይችልም።

ደግፌ ክሊኒክ አስገባሁት። ግራ ትከሻው ወልቋል፤ መለስኩለት። ጀርባው ላይ፣ የራሱ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ የአምስት ጣት ምልክት በልዞ ይታያል።

«ገና አልጨረስንም» አለኝ። ያን ቀን ፈገግ አላለም።

መሐላዬን አፈረስኩ። ወንድሙ የገጠመው በወለቀ ትከሻ እንደነበረ፣ ለምን እንደደበቀውም ነገርኩት። አሰፋ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ወጣ። የአባቱን ከዘራ ይዞ ጭላሎ ወጣና ጅረቱ ዳር ተክሎት ተመለሰ። በማግስቱ ኦቦ ቱፋ ሄደው ሲያዩ ከዘራው የለም። ጭቃው ላይ ያለው የአሰፋ ዱካ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አሰፋ ሜዳው ላይ አልታየም። አገባ፣ ወለደ፣ እርሻውን አርሶ በሰላም ኖረ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

ልጁ ዛሬ ሌላም ነገር ጠየቀችኝ። የሚቀበረው ከአባቱ ጎን ነው፤ ሐውልቱ ላይ የግዛውንም ስም አብረን እናጽፍ ወይ አለችኝ። ያን ጊዜ ከነበርነው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝና ነው የጠየቀችኝ። አታጽፉ አልኳት። ሲሞት ያየው የለም።

አሰፋ፣ እውነቱን ዓመት ሙሉ ስለደበቅኩህ ይቅር በለኝ። ለእሱ የማልኩት አንተን እንደሚጎዳ አላወቅኩም ነበር።

ነገ በጠዋት ልጄ በመኪና ያመጣኛል፤ ሳልሸኝህ አልቀርም። በወዲያኛው ዓለም ግዛውን ካገኘኸው ሰላም በልልኝ። ካጣኸው ግን አሁንም እዚህ እኛው ጋ ነው ማለት ነው፤ እኔም መንገዱን ግራና ቀኝ እያየሁ ነው የምመጣው።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።