ተሸናፊው ይንገር

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ይበልጣል የቼዝ ተማሪዎቹን ይዞ ከቢቸና ሞጣ መጣ። እሱ የቢቸናን ወጣቶች ያሠለጥን ነበር፤ እኔ የሞጣን ጀማሪዎች አሠለጥናለሁ። የራሳችን አዳራሽ የለንም። ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ድሮ ፑል የነበረበትን ክፍል ለቅዳሜ ቅዳሜ ሰጥተውናል።

ከኔ ተማሪዎች ጠንካራዋ ሐያት ናት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት የሐጂ ይማም ልጅ። ያን ቀን ከወንድሜ ተማሪ ከማስረሻ ጋር ተጫወተች። ብዙውን ሰዓት ስትመራ ቆየች። ኋላ ማስረሻ ሩኩን፣ ያን በቀጥታ የሚሄደውን ግንብ መሳይ ጠጠር፣ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ላከው። የሐያት ንጉሥ በገዛ ወታደሮቹ ጀርባ እንደ ተዘጋበት ተያዘ። ቼክሜት።

በኛ ልማድ ጨዋታ ሲያልቅ ማንም አይነሣም። ጠጠሮቹ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ከዚያ የተሸነፈው ሰው ጨዋታውን ከመጀመሪያው እያንቀሳቀሰ ይናገራል፤ ያሸነፈው አፉን ይዘጋል። ሐያት ግን ተነሣች። ሻርፗን አስተካክላ፣ «ጋሽ ይበልጣል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አልችልም። ከዛሬ ወዲያም የምመጣ አይመስለኝም» አለችና ወጣች።

ወንድሜ አልተከተላትም። ምሳ ስንበላ ደረቱን በእጁ ያሽ ነበር። ምን ሆነህ ነው ጋሼ ስለው፣ መንገዱ ነው፣ አቧራው ነው አለኝ። ከዚያ የራሱን ጨርሶ የኔን ሹሮ እየጠቀለለ ስለ ሐያት አወራ። መናኸሪያ ስሸኘው በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ያቺን ልጅ ሳታስነግራት እንዳትተዋት» አለኝ። «የተሸነፈችው ሌላ ቦታ ነው። እሷ መጨረሻውን ብቻ ይዛ ነው የሄደችው።»

ሥራውን የጀመርኩት ቢቸና ከሱ ጋር ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ ና ጠጠር ደርድርልኝ ብሎ ወሰደኝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ተሸንፎ ሲያዝን አየሁና ልረዳው ፈለግሁ። ስልኬን አውጥቼ ጨዋታውን የቼዝ መተግበሪያ ውስጥ አስገባሁ፤ ስህተቱ በቀይ መጣ፤ አሳየሁት። ልጁ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

«ስልኩ ትክክል ነው» አለኝ። «ግን ልጁ ምን እንደ ፈራ አያውቅም። መጀመሪያ ልጁ ይንገርህ። ስልኩን ማታ ትጠይቀዋለህ።»

ስልኬንም የመለሰልኝ ማታ ነው።

ይህን አሠራር ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት ይስቅ ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጥቷል። እዚያ ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። «ቅኔው አልገባኝም፤ መታረሙ ግን ገባኝ» ይል ነበር።

ተማሪዎቹን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። አንዱ ጨዋታውን እየደገመ፣ እዚህ ጋ ፈረሴን ማውጣት ነበረብኝ ሲል፣ ወንድሜ «ነበረብኝን ተወው። ያን ጊዜ ምን ታየህ?» ይለዋል። ከባዱ ይህ ነው። አሁን የሚያውቀውን ትቶ ያን ጊዜ ያየውን መናገር ለጀማሪ ይጨንቃል።

የኛ አገር ልጅ ደግሞ ክርክር ይወዳል። ማስረሻ በተለይ ሲያሸንፍ ዝም ማለት አይችልም፤ ተሸናፊውን እንደ ጠበቃ ያቋርጠዋል። ወንድሜ አንድ ትርፍ ወታደር ያስጨብጠውና፣ ይቺን እስክትመልስልኝ ዳኛ ፊት ነህ ይለዋል። ማስረሻ ወታደሯን ጨብጦ ላብ እስኪያጠምቀው ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ አንድ አባት መጥተው፣ ልጄ ሽንፈቱን ሲደጋግም ሞራሉ ይወድቃል፣ ያሸነፈውን አስደግሙት አሉ። ወንድሜ፣ ያሸነፈውንም እንደግማለን፣ ግን ሰው ባሸነፈበት ጨዋታ ላይ ሁሉ ነገር ቆንጆ ሆኖ ይታየዋል አላቸው። አልረኩም። ልጁን ግን አላስቀሩትም።

ያን ቅዳሜ ማታ ቢቸና ካለው ቤታችን ተደወለልኝ። ወንድሜ እንደ ገባ ደከመኝ ብሎ ጋደም ብሎ ነበር። አልተነሣም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። እሑድ ቢቸና ቀበርነው።

ሐዘን ቤት የገባ ሁሉ ይጠይቃል። ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነበር ወይ? መጨረሻ አብሬው የዋልኩት እኔ ነኝና መላሹም እኔ ሆንኩ። ደረቱን ያሽ ነበር እላለሁ። ሐኪም ቤት ልወስደው ይገባኝ ነበር እላለሁ። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ሌላ ሰው ይገባል፤ እኔም እንደገና ከደረቱ እጀምራለሁ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ሐጂ ይማም ከሞጣ ደረሱ። ሐያት ከኋላቸው ነበረች። «አላህ ያጽናችሁ» ብለው ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ወደኔ ጎንበስ አሉና፣ ልጅቱ ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አሉኝ። ጋሽ ይበልጣልን መጨረሻ ላይ ያስቀየምኳቸው እኔ ነኝ ትላለች አሉኝ።

ማስረሻን ጠርቼ የወንድሜን ሰሌዳ እንዲያመጣ ላክሁት። ድንኳኑ ጥግ ወንበር ላይ ዘረጋነው። አክስቴ አዩን።

«ምነው ልጄ? በወንድምህ ሐዘን ጨዋታ?»

አባቴ ቀና ሳይሉ፣ «ለቀስተኞቹ ማታ ሲያመሹ ካርታ ሲጫወቱ አላየሽም? ተያቸው። የልጄ ሥራ ነው» አሏቸው።

ማስረሻ ማንም ሳያዘው ትርፏን ወታደር አንሥቶ ጨበጠ። ሐያት መናገር ጀመረች። ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። መጨረሻው አካባቢ ስትደርስ፣ ለንጉሤ መውጫ መክፈት ነበረብኝ አለች።

«ነበረብኝን ተዪው» አልኳት። «ያ የመጨረሻው መስመር ጠባቂ ያጣው መቼ ነው?»

ጠጠሮቹን ወደ ኋላ መለሰች። መስመሩን ትጠብቅ የነበረችውን ሩኳን ሰጥታ የማስረሻን ፈረስ የበላችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ምን ታየሽ?»

«ፈረሱ። ዘሎ ገብቶ ንጉሤንና ንግሥቴን አንድ ላይ የሚይዝ መሰለኝ። ፈራሁ። ሩኬ ትሂድ ብዬ በላሁት።»

«መግባት ይችል ነበር?»

ረጅም ጊዜ አየችው። «አይችልም። ያን ቤት ወታደሬ ትጠብቀዋለች። እሷን አላየኋትም።»

ማስረሻ ጭብጡን ከፈተ። «እኔም አላየኋትም» አለ።

«ታዲያ ምን ያኮራሃል?» አለችው። ከመጣች ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው አንድ የአባቴ ወዳጅ ገብተው ተቀመጡና ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ።

«ቅዳሜ ሞጣ መጥቶ ነበር» አልኳቸው። «ምሳ አብረን በላን። የራሱን ጨርሶ የኔን ሹሮ በላብኝ። ደረቱን ሲነካ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የታየኝ መንገድ ያደከመው ሰው ነው።»

ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ቀጥዬ መኪናው ሲነሣ ምን እንዳለኝ ነገርኳቸው። እስከዚያ ድረስ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ዘወር ስል ሐያት ጠጠሮቹን እንደ አዲስ ደርድራለች፤ አባቷ ያቀበሏትን ዳቦ በግራ እጇ ይዛ ማስረሻን ቀጥል ትለዋለች።

ለጀማሪ የምለው ይህን ነው። ስትሸነፍ አትነሣ። ጠጠሮቹን መልስና ያየኸውን ባየህበት ቅደም ተከተል ለሰው ተናገር። የፈራህበት ቦታ ስትደርስ ቁም። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።