ንዋይ የመርከበኞችን ደሴት እንዴት እንዳጠና

በሰባ አምስት ዓ.ም. ንዋይ ከሰኞ እስከ ዓርብ የለንደኑን የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ይወለውል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ፊንስበሪ ፓርክ ከተከራያት አንዲት ክፍል ሆኖ ደርግን ይገለብጥ ነበር። ዘጠኝ አባላት ያሉት የጥናት ክበብ ሊቀመንበር ነው፤ ከዘጠኙ አንዷ ሚስቱ ኂሩት ነች።

ኂሩት ልብስ ከምትሰፋበት ፋብሪካ አንዲት ግሪካዊት ባልደረባዋ፣ ነሐሴን እናቷ በሚኖሩባት የግሪክ ደሴት ላይ እንዲያሳልፉ ጋበዘቻቸው።

"ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፍኩም" አለችው ባሏን። "ትመጣለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?"

ጭንቅ መጣ! በክበቡ ሕግ ዕረፍት የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው። ፋንታዬ የሚባለው አባል ብራይተን ባሕር ዳር ውሎ በመምጣቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግለ ሂስ አድርጓል። የሊቀመንበር ምርጫው ደግሞ መስከረም ላይ ነው፤ ደረጄ የሚባለው ሌላው አባል ወንበሯን እያየ ምራቁን ይውጣል። ስለዚህ ንዋይ ጉዞውን "የግሪክ መርከበኞች የመደብ ሁኔታ ጥናት" ብሎ አስጸደቀ። ሪፖርቱንም ገና ሳይሄድ ጽፎ ጨረሰ። ምን ይደንቃል? አንብቦ ያደገው በራሪ ወረቀት ሁሉ መደምደሚያው ቀድሞ፣ አገሩ ኋላ የሚመጣ ነበር።

ደሴቷ ግን ሪፖርቱን አላነበበችም። በየግድግዳው የመርከብ ሥዕል፣ በየደጃፉ ጡረታ የወጣ መርከበኛ። ንዋይ ወደቡ ዳር ኒቆላስ ከሚባሉ ሽማግሌ ጎን ተቀመጠ። እሳቸውም ለንደን ወደብ ላይ የለቃቀሟት እንግሊዝኛ ነበረቻቸው።

"ባለመርከቦቹ ሲበዘብዙዎት መደባዊ ንቃት ነበረዎት?"

"እሱን እንኳ አላውቅም" ብለው ሳቁ። "ሃያ ቀን መርከቧን አቁመን ደመወዝ አስጨምረናል። የሠራተኛ ማኅበር ከገባሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው። አንተስ የምን ማኅበር አባል ነህ?"

"የኛው ማኅበር... ለዘብተኛ ስለሆነ አልተመዘገብኩም።"

"ታዲያ አለቃህ ሲበድልህ ምን ታደርጋለህ?"

ኂሩት ቀደመችው። "እሑድ ይጽፋል።"

ሽማግሌው አዘኑለትና የተጠበሰ ዓሣ አዘዙለት።

መስከረም ላይ ንዋይ ክበቡ ፊት ሪፖርቱን አነበበ። አንዲት ፊደል አልነካም። "የደሴቲቱ መርከበኞች ያልነቁ፣ ያልተደራጁ፣ ትግል የማያውቁ..."

ኂሩት እጇን አወጣች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄንን ሐምሌ ላይ ነው የጻፍከው፤ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ኒቆላስ የነገሩህ የት ገባ?"

ንዋይ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ደረጄን አየ። ደረጄ ፈገግ ብሏል።

"የጓድ ኂሩት አስተያየት አድርባይነት ነው" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ግለ ሂስ ታድርግ የምትሉ?"

ስምንት እጅ ወጣ።

"እሺ" አለች ካፖርቷን እየደረበች። "ግለ ሂሴ ይኸውላችሁ፦ ሁለት ትኬት መግዛቴ ጥፋት ነበር።" ሻንጣዋን አንሥታ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ወደምትኖረው ግሪካዊት ወዳጇ ሄደች።

ሚስቱን እንኳ ያልማረውን ሊቀመንበር ደረጄም ሊወዳደረው ስላልደፈረ፣ ብቸኛዋ ተቃዋሚም ደረጃውን እየወረደች ስለነበር፣ ንዋይ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ጓዶቹም ምሳ ጠብቀው ጠብቀው፣ ከመካከላቸው አንድም ሰው ወጥ መሥራት እንደማይችል በሰፊ ውይይት ካረጋገጡ በኋላ ተበተኑ።