የባለጃንጥላው ክፍል ሁለት

በእኔ ዘመን ከሚሴ ያደገ ሰው «ባለጃንጥላው» ሲባል ዝናብ አይታሰበውም። የሚታሰበው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበረችው ጠባብ ቪዲዮ ቤት ናት። መስኮቷ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚዋ ያልተላጠ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ቆርቆሮዋ እኩለ ቀን ላይ እሳት የሚተፋ ቤት። ባለጃንጥላው የሕንድ ፊልም ነበር። እውነተኛ ርዕሱን ማንም አያውቀውም፤ ልወቅ ያለም አልነበረም። ጀግናው ሽጉጥ የለውም፤ ያለችው አንዲት ጥቁር ጃንጥላ ናት። በእሷ የወንበዴ እግር ይጠልፋል፣ በእሷ ተንጠልጥሎ ከፎቅ ይወርዳል፣ ሰፈሩን ሙሉ ደብድቦ ሲጨርስ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታው ዘርግቷት እየተንጎራደደ ይሄዳል። ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

ልጅ እያለሁ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ከገባች ወሬው ከእሷ ቀድሞ እናቷ ጆሮ ይደርስ ነበር። እኔን ያስገባኝ የታላቅ ወንድሜ የሰይድ ብልሃት ነው። አባታችን የሞተው እኔ ቆሜ ሳልሄድ ስለሆነ፣ ሰይድ ለእኔ ወንድምም አባትም ነበር፤ ከጨፋ ሮቢት እህል እያመጣ ቤታችንን ያኖር የነበረውም እሱ ነው። እናታችን ማሽላ አስፈጩ ብላ ስትልከን ጆንያውን ወረፋ ያስይዝና እጄን ይዞ በጓሮ በኩል ይዞኝ ይገባል። ጭኑ ላይ ያስቀምጠኛል። ከወፍጮው የሚተንነው ዱቄት በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል። ትኩስ ዱቄት፣ ናፍጣ፣ ላብና የተቃመ ጫት አንድ ላይ ይሸታሉ። ስንወጣ ፀጉራችን ሸብቶ ስለምንወጣ እናቴ ወፍጮ ቤት መዋላችንን ተጠራጥራ አታውቅም። ችግሩ አንድ ነበር፤ ተራችን ሲደርስ ወፍጮ ፈጪው ግድግዳውን ይደበድባል፣ እኛም እንሮጣለን። ስለዚህ የባለጃንጥላውን መጨረሻ አይቼ አላውቅም ነበር።

ፊልሙን የሚተረጉምልን ቃሲም የሰይድ ባልንጀራ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠርቶ ስለተመለሰ ሕንድኛ ያውቃል ይባላል፤ እሱም አላውቅም ብሎ አያውቅም። ከቴሌቪዥኑ ጎን ዘንግ ይዞ ይቆምና የወፍጮውን ጩኸት ለመብለጥ እየጮኸ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ያወርደዋል። ጀግናው አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሞ እጁን ሲያጋጥም ቃሲም፣ «አካም ጅርታ አባባ፣ የሰንበቴ ገበያ እንዴት ዋለ? ነው የሚለው» ይላል። ልጅቷ ተራራ ላይ እየዞረች ስትዘፍን፣ «ባቲ ካልወሰድከኝ ብላ እያለቀሰች ነው» ይላል። የወንበዴዎቹ አለቃ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ «ወላሂ ዛሬ አታመልጣትም!» ሕንዱ በምን ሒሳብ ወላሂ እንደሚል የጠየቀ ሰው አላስታውስም። የሚጠይቅ ቢኖርም በጩኸት ያስወጡት ነበር።

ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣና ሰይድ ዘመተ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር የሸኛቸው። መኪናው ላይ ሆኖ ጎንበስ አለና ጉንጬን ቆንጥጦ፣ «አብሽሪ፣ እመጣለሁ» አለኝ። አብሽሪ ማለት በእኛ አገር አይዞሽ ነው፤ ግን ከአይዞሽ ይበልጣል፤ አላህም ይሰማዋል። እኔም አመንኩት። ሰይድ የተናገረውን የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም። በናፈቀኝ ቁጥር ጆንያዬን ወረፋ አስይዤ ቪዲዮ ቤቷ ውስጥ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ እቀመጣለሁ። ቃሲም እያየ እንዳላየ ያልፈኛል፤ የሰይድ እህት ስለሆንኩ ውጪ የሚለኝ የለም።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። የሞተውን ሰው ወሬ የሰማ መጀመሪያ ለሽማግሌዎች ይነግራል። ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፤ ሐዘንተኛው ታሞ እንደሆነ እስኪድን፣ አራስ እንደሆነች እስክትጠና ይጠበቃል። እስከዚያ ጎረቤት ሁሉ አፉን ይዘጋል። ቀኑ ሲደርስ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ሰው ብቻውን እንዲሰማው አይደረግም። የሰይድን ሞት አንድ ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛው ይዞት ሲመጣ እናቴ በወባ ወድቃ ነበር፤ ስለዚህ ተደበቀ። ከተማው ሁሉ ያወቀውን እኔና እናቴ ብቻ ሳናውቅ ቀናት አለፉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ጎረቤቶቻችን በድንገት ደግ መሆናቸውን ብቻ ነው። የምትቆጣኝ አልነበረችም፤ አንዷ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ አንዷ ገላዬን ታጥበኛለች።

በዚያ ሰሞን ነው የባለጃንጥላውን መጨረሻ ያየሁት። ስገባ ወንዶቹ ዝም አሉ። አንዱ ተነሥቶ ከፊት አስቀመጠኝ፣ ሌላው እፍኝ ኦቾሎኒ ሰጠኝ። የወፍጮው ወረፋ ረጅም ስለነበር ያን ቀን የጠራኝ አልነበረም። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ቃሲም ንግግሩ እየቀነሰ መጣ፤ ቀልዱ ጠፋበት። ጀግናው ጓደኛውን ከጥይት ሊከልል ዘሎ ገባና ወደቀ። ጃንጥላዋ መንገድ ላይ ተንከባለለች። ከዚያ አንዲት እናት ነጭ ለብሳ ታየች፤ እንጨት ተከመረ፤ እሳት ተለኮሰ። ቃሲም ዘንጉን ይዞ ቆሟል እንጂ አይተረጉምም።

«ሞተ እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ።

ቃሲም አየኝ። ከዚያ ወንዶቹን አየ። ከዚያ ከወትሮው በበለጠ ድምፅ፣ «ሂን ዱኔ! አልሞተም!» አለ። «ማን ሞተ አለሽ? ነጭ የለበሱት ለደስታ ነው። እሳቱም የደስታ እሳት ነው። ጠላቶቹ ሞቷል ብለው እንዲዘናጉ እያታለላቸው ነው። ኒ ዱፋ! በክፍል ሁለት ይመጣል!»

ለምን አላምነው? በእኛ አገር ሰው ሲሞት ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ አፈር ይለብሳል። ሕንዶች ሬሳ ያነድዳሉ ብሎ የሚያስብ ልጅ ከሚሴ ውስጥ አልነበረም። ስንቱን የሕንድ ፊልም ያዩት ወንዶች ግን የእሳቱን ነገር ያውቁ ነበር። የሳቀ የለም፣ ያረመው የለም። ከኋላዬ የተቀመጡ ሙስበሃ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ብቻ «ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉና ዶቃቸውን መቁጠር ቀጠሉ። እኔ ዱቄቴን ተሸክሜ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ተነሥታ መቀመጥ እንደቻለች መጡ። ገና አልነጋም፤ ግቢያችን በነጠላና በጋቢ ተሞልቶ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» ማለት እንደጀመሩ እናቴ ያወጣችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ያዟት። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ልጅ ከሚያለቅሱት መሃል ቆሞ ነገሩን እንዲረዳ ይተዋል እንጂ ቁጭ አድርጎ የሚነግረው የለም። እኔ ደግሞ ተረድቼ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ከሴት ወደ ሴት እየዞርኩ፣ «አታልቅሱ፣ አልሞተም፤ ጠላቶቹን እያታለላቸው ነው፤ በክፍል ሁለት ይመጣል» አልኳቸው። ባልኳቸው ቁጥር ይብስባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍል ሁለትን ፍለጋ ስንት ሹፌር እንዳስቸገርኩ። ምሳ ሊበሉ የሚቆሙትን የጭነት መኪና ሹፌሮች እየጠበቅሁ «የባለጃንጥላው ክፍል ሁለት መጥቷል?» እላለሁ። አንዱ ደሴ አለ ይለኛል፣ ከደሴ የሚመጣው አዲስ አበባ አለ ይለኛል። ቦርከና ወንዝ ዳር ከልጆች ጋር ስንጫወት ክፍል ሁለትን የምተርከው እኔ ነበርኩ፤ በእኔ ትረካ ጀግናው ሁልጊዜ ወታደር ልብስ ለብሶ ነው የሚመለሰው። ካደግሁ በኋላ ሰይድ መሞቱን አወቅሁ። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማልቀስ ሌላ። ለቅሶውም ሰደቃውም አልፎ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር ሌላው ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ደረቅ ነው። ዘመዶቼ «ልበ ደንዳና» አሉኝ። እኔም ሳልሆን አልቀርም ብዬ ተቀበልኩት። ቪዲዮ ቤቷ በዲሽ ዘመን ተዘጋች፤ ቃሲም ሞባይል ጠጋኝ ሆነ። መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ይሻገራል።

አሁን ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። በቀደም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከስልኳ ላይ የድሮ የሕንድ ፊልም ስታይ ድንገት ያቺን ጃንጥላ አየኋት። ምሳዬን ትቼ ብቻዬን ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው አየሁት። ከምስሉ ግርጌ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተጽፎበታል። ለካስ ቃሲም አንዲት ቃል ሕንድኛ አያውቅም! የሰንበቴን ገበያ የተጠየቁት ሽማግሌ የልጅቷ አባት ናቸው፣ የሚለምናቸውም ልጃቸውን ነው፤ ባቲ ውሰደኝ ብላ አለቀሰች የተባለችው ልጅ በደስታ ነበር የምትዘፍነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ጀግናው ሞተ። እናቱ «ልጄን ሳልጠግበው» ትላለች። እሳቱ የእሱ ነው።

ከፊልሙ ሥር ከየአገሩ ያየው ሰው አስተያየቱን ጽፏል፤ ክፍል ሁለቱ የት ቀረ እያሉ እስከ ዛሬ የሚጠይቁ አሉ። መጨረሻ ላይ ጓደኛው ጃንጥላዋን አንሥቶ ወደ ተመልካቹ ስለሚያይ፣ ታሪኩ በእሱ ሊቀጥል ታስቦ ነበር ይላሉ። ግን አልተሠራም። ቢሠራም ኖሮ የሞተው የለበትም።

ሁለት ቀን አልቆየሁም፣ ከሚሴ ሄድኩ። እናቴን ያገኘኋት ተክዛ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሳዑዲ ላይ ሞቶ፣ እናቱ ሞቱን ያየችው በስልክ ነው፤ አንድ የማታውቀው ሰው ፎቶውን ከሥሩ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ለጥፎት፣ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ሆና። ሽማግሌዎቹ ገና ሲመካከሩ ጩኸቷ ተሰማ። «እንዲህም ሆነ ዘመኑ» አለች እናቴ። ሐሳቧን ለማስቀየር ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ እንጃ፣ ፊልሙን አሳየኋት። ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት፣ ጃንጥላዋ የወንበዴ ሱሪ ስታስወልቅ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ እተረጉምላታለሁ። እሳቱ ሲለኮስ፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣው የቃሲም ቃል ነው። «የደስታ እሳት ነው እማ። አልሞተም፣ እያታለላቸው ነው።»

ስልኩን ከእጄ ወስዳ በግንባሩ ደፋችው። «አንችም እንደ ቃሲም ልትሸሽጊኝ ነው? እሱስ ሊያጽናናኝ ለተዕዚያ ሲመጣ እግሬ ላይ ወድቆ፣ ልጅሽን ዋሸኋት፣ አፉ በይኝ ብሎኛል።» ስልኩን ከጎኗ ገፋ አደረገችው። «እኔኮ ሳይነግሩኝ በፊት አውቄ ነበር። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች ወትሮ ከደጅ ጀምረው 'የሰይድ ወሬ አለ?' ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም መጠየቁን ተዉት። በዚያ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አገሩ ሁሉ እኔን ለማትረፍ ሲለፋ? አላወቅሁም ብዬ አገዝኳቸው። እስኪነጋና እስኪመጡልኝ ድረስ ልቅሶዬን ይዤ ጠበቅሁ።»

እናቴ አልጨረሰችም ነበር። «እኔስ አልቅሼ ወጣልኝ። ያላለቀስሽው አንች ነሽ። ሁላችንም ሌላው ይነግራታል እያልን፣ አንችን ሳንነግርሽ ቀረን።» ሻሿን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሁለቱንም እጄን ያዘች። ድምፅዋን እንደ ሽማግሌዎቹ ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ ሰይድ ሞቷል። አላህ ይዘንለት» አለችኝ።

እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። የተማሪ አስተማሪ፣ የልጆች እናት፣ ይህን ያህል ዓመት ደርቆ የኖረ ዓይኔ። ከሚሴ ተለውጣለች፤ ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ መርዶ እንኳ ዛሬ ሽማግሌ አይጠብቅም፣ በየኪሳችን ይገባል። ያን ቀን ግን ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤቶች ሥራቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። በር ላይ ቆመው «ማነው? ማን ሞተ?» አሉ።

እናቴ «ሰይድ» አለቻቸው።

«ከስንት ዓመት በኋላ?» ያለ የለም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና አጠገባችን ተቀመጡ።