እኩል የተካፈለ ክኒን

ነዳጁ በደራበት ዘመን ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ሥራ ሰውን ይፈልግ ነበር እንጂ ሰው ሥራን አይፈልግም ነበር። ሠናይትም በመጣች በሳምንቱ አየር ማረፊያ ገብታ አውሮፕላን ማጽዳት ጀመረች። ወደ ነዳጁ ጉድጓድ የሚበሩት ሠራተኞች ለመሳፈር ተሰልፈው ስለሚጠብቁ አጽጂዎቹ ደረጃውን በሩጫ ነው የሚወጡት። እሷ ደግሞ ሮጥ ካለች ደረቷ ይታፈናል፣ ያፏጫል። ባፏ የምትስበው ኢንሄለርም አላስጣላትም።

"ደግሜ ቆመሽ ካየሁሽ ሺፍቱን ለሌላ ነው የምሰጠው" አላት ሱፐርቫይዘሩ። ሠራተኛ ብርቅ ነው ቢባልም፣ ቆሞ የሚያፏጭ ሠራተኛ ብርቅ አይደለም።

ሲሮጡ ለሚነሳ አስም አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት ሊሞከር ነው ሲባል ሰምታ ተመዘገበች። የሚሞከርበት ክሊኒክ ውስጥ በመሮጫ ማሽን አስሮጧት፣ ቱቦ አስነፏት፣ ክኒኑን ሰጧት። በወሩ ደረቷ ተከፈተ። ደረጃውን ወጥታ ጨርሳ ከሰው ጋር መሳቋ ራሷን ገረማት፤ ደስ አላት፣ በቃ ደስ አላት።

ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ያገሬ ሰው፤ ሠናይት ግን ይህን ተረት አልሰማችም መሰለኝ። ማርልቦሮ የሚባለው ሠፈር ከምትኖርበት ምድር ቤት በላይ ያሉት እትዬ ብርቅነሽ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጡ እንደሷው ይታፈኑ ነበር። ጎረቤት እያፏጨ ለብቻ መዋጥ ነውር መሰላትና ክኒኗን እኩል አካፈለቻቸው። በየቀኑ የሚዋጠውን አንድ ቀን እያለፈች ትውጥ ጀመር።

በሚቀጥለው ሙከራ ማሽኑ ላይ ብዙም ሳትሮጥ ሳል አጣደፋት።

"መድኃኒቱን በየቀኑ ወስደሻል?" አለቻት ነርሷ።

ሠናይት መዋሸት አትችልበትም፤ እውነቱን ነገረቻት። እንዲያውም የምትመሰገን መስሏት ነበር። ነርሷ ደነገጠች። ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ሌላውን ሰው ሊጎዳ ይችላል ብላ የክኒኑን ጠርሙስ ተቀበለቻት፤ ሠናይትም ከጥናቱ ወጣች። ክኒኑ ደግሞ የትም ፋርማሲ አይሸጥም።

ደረጃው ላይ እያረፈች እትዬ ብርቅነሽ ዘንድ ወጣች።

"እትዬ፣ ያ ክኒን አደጋ አለው ተባልኩ። እንዳይወስዱት፤ የተረፈውን ይመልሱልኝ።" በልቧ ግን ለራሷ ልትውጠው ነው።

"እኔ መች ዋጥኩት ልጄ! ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ አስሟ ከኔ ይብሳል፤ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው እያስያዝኩ ላክሁላት። ይኸው ደረቴ ተከፈተ ብላ ደወለች። እግዜር ይስጥሽ! አልቆባታልና ትንሽ ጨምሪልኝ።"

የለም ማለት አልሆነላትም።

"እሺ፣ እትዬ" ብላ ወረደች።

በማግስቱ አውሮፕላኑ ደረጃ መሀል ቆማ ስታፏጭ ሱፐርቫይዘሩ አያት።