ሲሚንቶ ያልነካት ጡብ

በአሮጌው ሰፈር ማን ከማን እንደተኳረፈ ለማወቅ ወሬ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ቤቶቹን ማየት ይበቃል። ያሠሯቸው የድሮ ነጋዴዎች ልጆቻቸው ተፋቅረው የሚኖሩ መስሏቸው ጣሪያውን ከፍ፣ ሳሎኑን ሰፋ፣ የእንጨት ሰገነቱን ረዘም አደረጉት። እነሱ ሲያልፉ ልጆቹ ውርስ ተካፈሉ። አንዱ መስኮት እኩሌታው አረንጓዴ፣ እኩሌታው ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው። ወጥቶ ወጥቶ ግድግዳ ላይ የሚያበቃ ደረጃም አለ።

ይህን ሁሉ ግድግዳ ያቆሙት አንድ ግንበኛ ናቸው። ሰፈሩ «ገላጋዩ» ይላቸዋል። ወንድምና እህት ሲጣሉ ሽማግሌ ይጠራል፤ ሽማግሌ ሲያቅተው እሳቸው ይጠራሉ። ቱንቢያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ የማንንም አቤቱታ አይሰሙም፣ ቤቱን መሃል ለመሃል ይከፍሉና ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። እንዳያዳሉ ከሁለቱም በኩል ይጠጣሉ።

አንድ ምስጢር ነበራቸው። በየግድግዳው አንዲት ጡብ ያለ ሲሚንቶ ያስቀምጡና ስስ ልስን አልብሰዋት ዝም ይላሉ። መታረቅ የፈለገ ሰው ቢገፋት እንድትወጣ ነው። ታዲያ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሳይነገረው ማን እንደሚገፋት ደግሞ አላሰቡበትም።

ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ የገዛ ልጆቻቸው ተኳረፉ። ሴቷ የእናቷን ልብሶች ወንድሟን ሳታማክር ለሰው ሰጥታ ነበር። እሱ አንዲት ሹራብ እንኳ አላስቀረሽልኝም ብሎ ከእሷ ጋር መነጋገር ተወ፤ እሷም ተወችው። በመጨረሻ ወንዱ፣ «አባባ፣ የኛንም ክፈለው» አለ።

እምቢ ይላሉ ተብሎ ተጠበቀ። እሺ አሉ። የሰው ቤት ሲከፍሉ ኖረው የራሳቸውን እምቢ ቢሉ በምን አፋቸው ይናገራሉ? ግንቡ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ሆዳቸው ግን ቆሰለ። አልጋቸው በሴት ልጃቸው በኩል ሆነ። ያቺን ጡብ ከራስጌያቸው ከፍ አድርገው አስቀመጧት። ልጆቼ ሳይነጋገሩ ልሞት ነው የሚል ፍርሃት ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሯቸው ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ ሳል ያዛቸው። አንድ ጠዋት ልጃቸው ውሃ እያጠጣቻቸው ሳለ ልስኑ ተሰነጠቀ፤ ጡቧም ወደ እነሱ ተገፍታ መጣች። አባቷ ላይ ሳትወድቅ በሁለት እጇ ተቀበለቻት።

«ሳሉ ባሰበት እንዴ?» አለ የወንድሟ ድምፅ በቀዳዳው።

«እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም» አለች። ጡቧን መሬት አስቀምጣ፣ «ና እስቲ እየው» ስትል ጨመረች።

«መጣሁ።»

አባት ከትራሳቸው ቀና አሉ። «የጡቧን ነገር ማን ነገረህ?»

«አባባ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል እኮ። የተኳረፈ ሰው ጨው የሚበዳደረው በየት በኩል ይመስልሃል?»

ገላጋዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ልጃቸው ዞሮ በበሩ ሲገባ አፍንጫቸውን ጠራርገው ጠበቁት፤ ልስኑን ሳይደርቅ ለምን ነካኸው ብለውም ተቆጡት።